ቅርስን በዐይን ብቻ መጐብኘት ይበቃልን?

ለሰው ልጅ የተሰጡት የስሜት ሕዋሳት አምስት መሆናቸውን ከሕፃንነታችን ጀምሮ ተምረነዋል። ዐይን ያያል፤ ጆሮ ይሰማል፤ አፍንጫ ያሸታል፤ ምላስ ይቀምሳል፤ እጅ ይዳስሳል። ነገር ግን ከአባቶቻችን የተረከብነውን ቅርስ ለመጐብኘት በሄድን ጊዜ አራቱን ከበር ላይ ትተን በዐይናችን ብቻ እንገባለን። አስጐብኚው «ይህን ተመልከቱ፤ ያንንም ተመልከቱ» ይለናል፤ እኛም ተመልክተን፣ ፎቶግራፍ አንሥተን እንመለሳለን። ይህ ልማድ እንዴት ሊታረም እንደሚችል፣ በዘመናችን የተፈለሰፉት መሣሪያዎችም በዚህ ረገድ ምን ያህል ሊረዱን እንደሚችሉ ለአንባብያን ለመግለጽ እወዳለሁ። ወደዚህ ዐሳብ የመራኝ በሱዳን አገር፣ በካርቱም ከተማ፣ አርካዊት በተባለው ሠፈር ከቤተ ዘመዶቼ ጋር ያሳለፍሁት የጥቂት ሳምንታት ኑሮ ነው።

አርካዊት ስሙን የሚጋራው በቀይ ባሕር ተራሮች ላይ ካለ ቀዝቃዛ ቦታ ጋር ነው፤ የካርቱሙ አርካዊት ግን ሜዳማና አቧራ የማይለየው ሠፈር ነበር። በጥር ወር 2009 ዓ.ም. የዓመት ዕረፍቴን ተቀብዬ ታላቅ እኅቴን ለመጠየቅ ወደዚያ ሄድሁ። በየቤቱ ደጃፍ ለመንገደኛ የሚሆን ውኃ በሸክላ ጋን ተቀምጦ አየሁ፤ ማታ ማታም ሰው አልጋውን ወደ ግቢ አውጥቶ በነፋሱ ሲያወጋ ያመሽ ነበር። በእኅቴ ቤት የእናቴ ወንድም ነበሩ፤ እኛ ትግርኛ ተናጋሪዎች የእናትን ወንድም «አኮይ» ብለን እንጠራለን። አኮይ ዐርባ ዓመት ያህል በአጋመ አውራጃ ቤትና ቤተ ክርስቲያን ሲገነቡ የኖሩ ድንጋይ ጠራቢ ናቸው። ድንጋዩን በመዶሻ አንድ ጊዜ መትተው፣ ድምፁን ሰምተው፣ «ይህ ጤነኛ ነው፤ ያ ግን በውስጡ ስንጥቅ አለበት» ማለት ይችሉ ነበር። በኋላ የዐይን ግፊት የሚባለው በሽታ ብርሃናቸውን ቀስ በቀስ ወሰደባቸው። ለሕክምና ወደ ካርቱም በመጡ ጊዜ ሐኪሙ ጊዜው እንዳለፈ ነገራቸው፤ እርሳቸውም ከእኅቴ ዘንድ ተቀመጡ።

በአንድ ዓርብ ቀን፣ ዓርብ በዚያ አገር የዕረፍት ቀን ነውና፣ አኮይን፣ እኅቴን፣ ባለቤቷንና የዐሥር ዓመት ልጃቸውን ይዘን አምጃድ በምትባለው ትንሽ መኪና ወደ ዐባይ ዳር ወረድን። የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ያለው በዚያ፣ ነጭና ጥቁር ዐባይ ከሚገናኙበት ስፍራ አጠገብ ነው። ሙዚየሙ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1971 ዓ.ም. የተከፈተ ሲሆን፣ የአትክልት ስፍራው ራሱ ታላቅ ቅርስ ነው። ግብፅ የአስዋንን ከፍተኛ ግድብ ለመሥራት በተነሣች ጊዜ ውኃው የኑብያን ምድር እንደሚያጥለቀልቅ ስለ ታወቀ፣ ዩኔስኮ በ1960 የዓለምን መንግሥታት ለእርዳታ ጠራ። ከዚህም የተነሣ የቡሄን፣ የሰምና፣ የኩማና የአክሻ ቤተ መቅደሶች ድንጋይ በድንጋይ ተፈትተው ወደ ካርቱም መጡና በፍሪድሪኽ ሂንከል በተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ መሪነት እንደገና ቆሙ። በመካከላቸውም የዐባይ ምሳሌ የሆነ የውኃ ቦይ ተሠራ። የቡሄኑ ቤተ መቅደስ የንግሥት ሐትሸፕሱት ሥራ ስለ ሆነ ዕድሜው ከ3,400 ዓመት በላይ ነው።

አኮይ ከዘራቸውን ይዘው በቤተ መቅደሱ ፊት ቆሙ።

«ልጄ፣ በፊታችን ምን አለ?» አሉኝ።

«ቤተ መቅደስ ነው። ዓምዶች አሉት፤ በግድግዳውም ላይ የነገሥታት ሥዕል ተቀርጿል» አልኋቸው።

«ድንጋዩ ምን ዓይነት ነው? መጋጠሚያውስ ምን ይመስላል? ጠራቢው በመሮ ነው የጨረሰው ወይስ በድንጋይ ፈግፍጎታል?»

ለዚህ መልስ አልነበረኝም። ዐይኔ ሥዕሉን አይቶ ነበር፤ ሥራውን ግን አላየም። እርሳቸውም «እንግዲያው ልዳስሰው» አሉ። የእጅ ላብና ወዝ ቅርጹን ስለሚጐዳው መንካት ክልክል መሆኑን ነገርኋቸው። አኮይ እጃቸውን ወዲያው ሰበሰቡ። «ደግ ነው፤ የሰው ሥራ መከበር አለበት። ታዲያ እኔ መጥቼ እንዳልመጣሁ ልመለስ ነውን?» አሉ። በቍጣ አልተናገሩትም፤ እኛ ግን የምንመልሰው አጣን።

ከዝምታው ያወጣችን የእኅቴ ልጅ ናት። የአባቷን ስልክ ተቀብላ ድምፅ መቅረጫውን ከፈተችና የአያቷ ታላቅ ወንድም የሆኑትን አኮይን በእጃቸው ይዛ «አቦሓጎ፣ እኔ ልንገርዎ» አለቻቸው። በከዘራቸው የመንገዱን ንጣፍ እየመቱ የቤተ መቅደሱን ርዝመት በእርምጃ ለኩ፤ ልጅቱም ያየችውን ሁሉ በራሷ አነጋገር ነገረቻቸው። ከመርዌ ዘመን የመጣችውን የድንጋይ እንቍራሪት ባየች ጊዜ «አቦሓጎ፣ የበግ ግልገል ታህላለች፤ ቁጭ ብላ ውኃ ትጠብቃለች» አለቻቸውና አኮይ ሳቁ። በዚያ ድምፅ ውስጥ የከዘራው ምት፣ የወፎች ጫጫታ፣ ከሩቅ የሚሰማው የጸሎት ጥሪና የአኮይ ሳቅ አብረው ተቀርጸዋል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ልጅቱ ያነሣችውን ፎቶግራፍ እያየች፣ በጥቁር ዐባይ ዳር በጅሬፍ ከነበሩት ጡብ ሠሪዎች ባመጣንላት ጭቃ፣ ቤተ መቅደሱን በእንጀራ ሰፌድ ላይ አሳንሳ ሠራችው። ሲደርቅ ለአኮይ ሰጠቻቸው። አኮይ ረዥም ጊዜ ዝም ብለው ዳሰሱትና «ዓምዱ ገብቶኛል፤ አዳራሹም ገብቶኛል። በሩ ግን ጠቧል፤ እንዲህ ያለ ሕንጻ የሚሠራ ሰው በሩን እንዲህ አያጠበውም» አሉ። በሚቀጥለው ዓርብ ልጅቱና እኔ ተመልሰን ብናይ በሩ በእርግጥ ከጭቃው ምስል ይሰፋ ነበር። እኛ ሁለት ጊዜ አይተን ያላስተዋልነውን እርሳቸው አንድ ጊዜ ዳስሰው አወቁት።

የእኅቴ ባለቤት ይህ ሁሉ የልጅ ጨዋታ መሰለው። «ቅርስ ማለት እውነተኛው ድንጋይ ነው፤ ጭቃና የስልክ ድምፅ ቅርስ አይባልም» አለ። አኮይም «ልክ ነህ፤ ምስሉ ድንጋዩን አይተካውም። ነገር ግን ወደ ድንጋዩ ይወስደኛል። ያለ እርሱ ከውጭ ቀርቼ ነበር» ብለው መለሱለት። እኔም ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ቅርስና ስለ አዲስ መሣሪያ ክርክር በተነሣ ቍጥር ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን አንድ ቀን በነጠብጣብ የተጻፈ መጽሐፍ አምጥተው ዐይናችንን ጨፍነን እንድንዳስሰው አድርገውን ነበር። ሉዊ ብሬል የተባለው ፈረንሳዊ፣ ራሱ ዐይነ ሥውር ሆኖ፣ ገና በልጅነቱ የፈለሰፈው ጽሕፈት ነው። ያን ጊዜ መጽሐፉ ለተቸገሩ ሰዎች የተሠራ እርዳታ ብቻ መስሎን ነበር። ከአኮይ እንደ ተማርሁት ግን፣ እጅ የሚያውቀው ሌላ፣ ዐይን የሚያውቀው ሌላ ነው፤ ዐይናማውም ባለመዳሰሱ የሚያጣው ዕውቀት አለ።

ደግሞም ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የአገራችን ሰው ቤተ ክርስቲያን በሄደ ጊዜ ሕንጻውን ከማየቱ በፊት ደጁን ይሳለማል፤ በግንባሩና በከንፈሩ ይነካዋል። ዕጣኑን ያሸታል፤ ጸበሉን ይቀምሳል፤ ከበሮውንና ጸናጽሉን ይሰማል፤ በባዶ እግሩም የወለሉን ቅዝቃዜ ይረግጣል። በብዙ ገዳሞቻችን ሲመታ እንደ ብረት የሚጮህ የድንጋይ ደወል አለ። በሱዳንም በዐባይ ዳር፣ በተለይም በአራተኛው ፏፏቴ አካባቢ፣ የጥንት ሰዎች እየመቱ ያስጮኋቸው አለቶች ተገኝተዋል፤ የተመቱበትም ስፍራ ጐድጕዶ ይታያል። እንዲህ ያለውን አለት አይቶ ብቻ የሚመለስ ጐብኚ መጽሐፉን በሽፋኑ ዐውቆ እንደሚመለስ ሰው ነው። ስለዚህ «በአምስቱ ስሜት መጐብኘት» የሚባለው አዲስ ነገር ቢመስልም፣ እውነቱን ለመናገር አዲሱ ነገር በመስታወት አጥሮ በዝምታ ማየት ነው።

በሌላው ዓለም ሊቃውንት ይህን ከተረዱት ቆይተዋል። በእንግሊዝ አገር በዮርክ ከተማ በ1984 የተከፈተው የዮርቪክ ማዕከል የጥንቱን መንደር ከነሽታው፣ የጢሱንና የቆሻሻውንም ሽታ ሳያስቀር፣ ለጐብኚው ያቀርባል። በግሪክ አገር በኦሎምፒያ ሜዳ፣ ሁለት ሺህኛው ዓመት በገባበት ሰሞን፣ ጐብኚው በዐይኑ ላይ በሚያጠልቀው መሣሪያ የፈረሰውን ቤተ መቅደስ በነበረበት ስፍራ ቆሞ እንዲያይ ተሞክሯል። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በቍስጥንጥንያ በሐጊያ ሶፍያ ውስጥ ፊኛ እያፈነዱ የሕንጻውን ማስተጋባት ቀረጹ፤ ድምፁ ከዐሥር ሰኮንድ በላይ ሲያስተጋባ ስለ ተገኘ፣ በሌላ ስፍራ የሚዘመረውን ዜማ በዚያ ሕንጻ ውስጥ እንደሚዘመር አድርጎ ማሰማት ተቻለ። በ2020ም የሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ስቶንሄንጅ የተባለውን የድንጋይ ክበብ አንድ ዐሥራ ሁለተኛ አሳንሰው ሠርተው፣ ድምፅ በክበቡ ውስጥ ላለው ሰው እንደሚጐላ አረጋገጡ። በጣልያን አገር በአንኮና ደግሞ ጐብኚው ሁሉን በእጁ የሚዳስስበት ኦሜሮ የተባለ ሙዚየም ከ1993 ጀምሮ አለ።

ወደ እኛ አገር እንመለስ። የኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት በሌዘር ብርሃን ለክተው በኮምፒዩተር አስቀምጠዋል። እንዲህ ያለው ልኬት ከተገኘ የሕንጻውን ትንሽ ምስል በማተሚያ መሣሪያ ማውጣት፣ ወይም ለጠራቢ ሰጥቶ በድንጋይ ማስቀረጽ ይቻላል። የእኅቴ ልጅ በጭቃ የሠራችውን ሥራ ማለት ነው፤ ልዩነቱ በሩ የማይጠብ መሆኑ ብቻ ነው።

የልኬትና የድምፅ መዝገብ ጥቅሙ ለጐብኚ ደስታ ብቻ አለመሆኑን የካርቱም ዕጣ አስተምሮናል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማይቱ ጦርነት ተነሣ። ቤተ ዘመዶቼ ጥቂት ሳምንታት ከቤት ሳይወጡ ከቆዩ በኋላ፣ በገዳሪፍ በኩል በመተማ ወደ አገራቸው ገቡ። የጭቃው ቤተ መቅደስ በአርካዊት፣ በመስኮቱ ላይ ቀረ። ሙዚየሙም በጦርነቱ ጊዜ ተዘረፈ፤ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የአገሩ ሠራዊት የከተማይቱን መካከል መልሶ በያዘ ጊዜ ብዙ ዕቃ ከስፍራው ጠፍቶ ተገኘ። ከባዶቹ የድንጋይ ሐውልቶች ግን ስላልተነሡ ቀሩ። ጐብኚ በሌለበትና ዕቃ በጠፋበት ጊዜ ልኬቱ፣ ፎቶግራፉና የተቀረጸው ድምፅ ለሚፈልግ ፖሊስ ማስረጃ፣ ለሚጠግን ባለሙያ መሪ፣ ለተሰደደ ሰው ደግሞ ማስታወሻ ይሆናል።

የእኅቴ ልጅ ከአርካዊት ስትወጣ የስልኩን ማስታወሻ ካርድ በቀሚሷ ጥምዝ ሰፍታ አመጣችው። አኮይ ዛሬ በዓዲግራት ይኖራሉ፤ ከቡና በኋላ «እስቲ እንቍራሪቷን አሰሚኝ» ይሏታል። በዚያ ድምፅ የራሳቸውን ከዘራ ይሰማሉ፤ ከእርሱም ጋር የዐሥር ዓመት ልጅ የነበረችውንና ዛሬ ድምፅዋ የተለወጠውን ልጅ ይሰማሉ።

አንድ ሌላ ነገርም ጠይቀውኛል። በልጅነታቸው አንድ ጊዜ ብቻ ያዩትን አክሱምን በእጃቸው ማየት ይፈልጋሉ። በሐውልቶቹ እግር በተነጠፈው ድንጋይ ላይ የተቀረጹ ጽዋዎች አሉ፤ በቁሙ ሐውልት ፊትም በድንጋይ የተመሰለ በርና መስኮት አለ። ከሮም በ1997 ዓ.ም. የተመለሰው ሐውልት 24 ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ ወድቆ የተሰባበረው ታላቁ ደግሞ 33 ሜትር ያህል ነበር። ይህን ቍጥር ለአኮይ ስነግራቸው «ቍጥር አልዳስስም» አሉኝ። የአክሱምና የመርዌ ታሪክ የተያያዘ መሆኑን፣ ንጉሥ ዔዛና በ4ኛው መቶ ዓመት ወደ ኖባና ወደ ካሱ ምድር ስለ መዝመቱ በድንጋይ ማስጻፉን፣ በመርዌም የአክሱም ነገሥታት የግሪክኛ ጽሕፈት ስብርባሪ መገኘቱን ባወጋኋቸው ጊዜ ግን «እንግዲህ በሁለቱም ጫፍ ቆሜአለሁ ማለት ነው፤ አንዱን ግን ገና አልጨበጥሁትም» አሉ።

እንግዲህ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ እንደ መሆኔ፣ ትልቅ ወጪ የማይጠይቀውን ከማስቀደም ልጀምር።

አንደኛ፣ በአክሱም፣ በይሓ፣ በላሊበላና በጐንደር ሐውልቱ ወይም ሕንጻው ባለበት ስፍራ፣ ከአገሩ ድንጋይ በአገሩ ጠራቢዎች የተሠራ፣ ሁሉ ሰው የሚዳስሰው ትክክለኛ ምስል ይቁም። ይህ ለዐይነ ሥውሩ ብቻ ሳይሆን ለሕፃኑም፣ ታላቁን ሕንጻ አንድ ጊዜ በሙሉ ማየት ለማይችለው ለዐይናማውም ይጠቅማል።

ሁለተኛ፣ የየስፍራው ድምፅ ይቀረጽ። ደወሉ፣ ዜማው፣ የድንጋይ ጠራቢው መዶሻ፣ የሽማግሌዎቹ ወግ በትግርኛ፣ በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ተቀርጾ፣ ጐብኚው በጆሮ ማዳመጫ እየሰማ እንዲሄድ ይደረግ። መብራትና የስልክ መስመር በሚቋረጥበት አገር መሣሪያው ያለ መረብ የሚሠራና በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ቢሆን ይመረጣል።

ሦስተኛ፣ ልክ ይኑረው። በአምልኮ ስፍራ ድምፅ ማጉያ መትከል ጸሎተኛውን ይረብሻል። ለካህናቱ የተወሰነና ከዐይን የተሰወረ ሥርዓትም አለ፤ መሣሪያ ስላለን ብቻ ገብተን ልንቀርጸው አይገባንም፤ የቦታው አባቶች ይጠየቁ፤ «አይሆንም» ካሉም ይከበርላቸው። በዐይን ላይ የሚጠለቀውም መሣሪያ ቤተሰቡን እያንዳንዱን በየራሱ ዓለም ዘግቶ የሚለያይ ከሆነ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያይላል። በካርቱም የአትክልት ስፍራ አኮይን የጠቀማቸው ስልኩ ብቻ አልነበረም፤ ልጅቱ እጃቸውን መያዟ ጭምር ነው።

አራተኛው ማንንም ሳይጠብቅ እያንዳንዱ ቤተሰብ ሊፈጽመው የሚችለው ነው። ከልጆቻችሁ ጋር ወደ ቅርስ ስፍራ በምትሄዱበት ቀን አያቶቻችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። ማየት፣ ወይም መራመድ፣ ወይም መስማት ካቃታቸው ከቤት አታስቀሯቸው። ልጁ ያየውን ለአያቱ ይንገር፤ አያቱም የሚያውቁትን ለልጁ ያስረዱ፤ ስልኩም ይቅረጸው። ልጁ ለሌላ ሰው መንገር ሲኖርበት አጥብቆ ያያል፤ እኔ ይህን በገዛ ዐይኔ አይቻለሁ።

አኮይን ወደ አክሱም ለመውሰድ ከእኅቴ ጋር ተስማምተናል። ልጅቱም ከወዲሁ የሐውልቱን ፎቶግራፍ ሰብስባ ጭቃ አቡክታለች። አኮይ ግን «ይህን ጊዜ በሩን ሳትሠሪ በፊት ለኪ» ብለው አስጠንቅቀዋታል።